ሥጋ ደዌን ለመለየት፦ ጥጥ፣ ማይክሮስኮፕ ወይስ ፒሲአር?

ክንዱ ላይ ነጣ ያለ፣ መዳፍ የሚያህል ምልክት የወጣበት አንድ ወጣት ነበር። አያሳክከውም፣ አያመውም። ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል ተብሎ ከቆዳው ናሙና ተወሰደና ስላይዱ እኔ ጋ መጣ። ያኔ በላቦራቶሪ ሥራ ገና ጥቂት ዓመቴ ነው። ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቼ ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር ፈተሽኩት። አንድም ባክቴሪያ የለም። «ኔጌቲቭ» ብዬ ጻፍኩ። የጻፍኩት ልክ ነበር። ወረቀቱን ያነበበው ባለሙያ ግን «ነፃ ነህ» ብሎ ሸኘው።

ልጁ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ተመለሰ። ትንሿ ጣቱና ከእሷ ቀጥላ ያለችው ታጥፈው አልዘረጋ ብለዋል። እጁ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፤ ሲቃጠል አልተሰማውም። ነርቭ መዳከም ከጀመረ 6 ወር ሳይሞላው የነርቭ እብጠትን በሚቀንሰው በፕሬድኒሶሎን ከታከመ የማገገም ዕድሉ ጥሩ ነው። የእሱ ጊዜ አልፎ ነበር። በኋላ መዝገቡን ገልጠን ስናይ፣ በመጀመሪያው ቀን ያንን ምልክት «ይሰማሃል?» ብሎ በጥጥ የነካው ሰው አልነበረም።

ከተማሪዎች፣ ከጤና ባለሙያዎች፣ አንዳንዴም ከታማሚ ቤተሰብ «የትኛው ምርመራ ነው አስተማማኙ?» የሚል ጥያቄ ይመጣልኛል። ስመልስ ሁሌም ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። የላቦራቶሪ ሰው ብሆንም መልሴ ከላቦራቶሪ አይጀምርም።

ለምን አንድ ምርመራ አይበቃም

ኖርዌያዊው ሐኪም ጌርሃርድ አርማወር ሀንሰን የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በርገን ከተማ ውስጥ ያየው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ይኸው 150 ዓመት አለፈ። እስካሁን ግን ማንም ሰው ሠራሽ በሆነ ማሳደጊያ ላይ ሊያሳድገው አልቻለም። የሚያድገው በአይጥ እግር መዳፍ ላይና በአርማዲሎ ሰውነት ውስጥ ነው። ያም ሲሆን እጅግ ቀስ ብሎ፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ለብዙ በሽታዎች ዳኛ የሆነው ምርመራ፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ ማየት፣ እዚህ የለም። በሽታው እስኪገለጥ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል።

ሁለተኛው ምክንያት የባሰ ያወሳስባል። ሥጋ ደዌ በሰው ሁሉ ላይ አንድ መልክ የለውም። መልኩን የሚወስነው የሰውየው የመከላከል አቅም ነው። ሰውነቱ ባክቴሪያውን በርትቶ ከተዋጋ፣ ቆዳው ላይ የሚወጡት ምልክቶች ጥቂት ናቸው። ባክቴሪያውም ተፈልጎ አይገኝም። ውጊያው ግን ነርቩን ስለሚጎዳ ምልክቱ ያለበት ቦታ ድንዝዝ ይላል። ሰውነቱ ካልተዋጋ ደግሞ ባክቴሪያው እንደ ልቡ ይራባል። ምልክቶቹ ይበዛሉ፣ ጠርዛቸው አይለይም፣ በግራም በቀኝም ይወጣሉ። የፊት ቆዳ ይወፍራል፣ ቅንድብ ይሳሳል። ድንዛዜው ግን ቶሎ አይታይም። ሪድሊና ጆፕሊንግ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1966 ይህን ስፋት በአምስት ደረጃ ከፍለውታል። ለዚህ ጽሑፍ ሁለቱ ጫፎች ይበቁናል።

የምርጫው ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥጥ የሚበረታው ባክቴሪያ በማይገኝበት ጫፍ ነው። ማይክሮስኮፕና ፒሲአር (የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ) የሚበረቱት ጥጥ በሚደክምበት ጫፍ ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይደርስለታል። የቱን እንደምትመርጡ የሚወስነው ፊታችሁ ያለው ሰው የትኛው ጫፍ ላይ እንደቆመ ነው።

እጅና ጥጥ

ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፤ በጥሩ ብርሃን 20 ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው። የጥጡን ጫፍ እንደ ክር አሹሉት። ሰውየውን መጀመሪያ ዓይኑን ገልጦ ጤነኛው ቆዳው ላይ ንኩት፤ ምን እንደምትፈልጉ ይግባው። ከዚያ ዓይኑን ይጨፍን። በሚሰማው ቁጥር የነካችሁትን ቦታ በጣቱ ያመልክት። አንዴ ጤነኛውን፣ አንዴ ምልክቱን፣ ሳታስለምዱ ንኩ። ጥጡን አትጎትቱ፤ ነካ አድርጉና አንሱ። ሰውየው ጤነኛውን ቦታ ቶሎ ቶሎ እያመለከተ ምልክቱ ጋ ስትደርሱ ዝም ካለ፣ ያ ዝምታ ከብዙ ውድ መሣሪያ የበለጠ ይናገራል። ነጣ ወይም ቀላ ያለና በእርግጠኝነት የደነዘዘ ቦታ፣ ለብቻው፣ የሥጋ ደዌ ዋና መለያ ምልክት ነው። ሕክምና ለመጀመር የላቦራቶሪ ወረቀት አይጠበቅም።

ቀጥሎ ነርቭ ይዳሰሳል። ክርን ላይ ከውስጥ በኩል ያለው፣ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል አጥንቱን ታክኮ የሚያልፈው፣ ቁርጭምጭሚት ጀርባ ያለው፣ አንገት ላይ ከጆሮ በታች የሚታየው። ግራና ቀኙን እያነጻጸራችሁ በጣታችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አንከባልሉት፤ ሰውየው ሲያመው ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ። የወፈረ ነርቭ ኖሮ እሱ የሚያዘው ቦታ ከደነዘዘ ወይም ጡንቻው ከደከመ ሁለተኛው ዋና መለያ ተገኘ ማለት ነው። ሦስተኛው መለያ ከቆዳ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ባክቴሪያውን ማየት ነው። ከሦስቱ አንዱ ይበቃል።

ይህ ዘዴ የት ይወድቃል? ፊት ላይ። ፊት ብዙ ነርቭ ስለሚደራረብበት እዚያ ያለ ምልክት ላይደነዝዝ ይችላል። ትንንሽ ልጆች ላይም ያስቸግራል፤ ልጅ ሐኪሙን ለማስደሰት ያልተሰማውንም ተሰማኝ ይላል። ከሁሉ በላይ ግን ባክቴሪያ በበዛበት ጫፍ ይወድቃል። እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ ምልክታቸው አይደነዝዝም። ለሌላው ሰው በሽታውን የማስተላለፍ ዕድላቸው ከፍ ያለው ደግሞ እነሱ ናቸው። ጥጥ ብቻ የያዘ ሰው እነሱን ይስታቸዋል።

ስለሚመሳሰሉ በሽታዎችም ጥቂት ልበል። ቋቁቻ ቅርፍት አለው፣ አይደነዝዝም። ጭርት ያሳክካል፣ ጠርዙ ይቀረፈፋል። ለምጽ ፍጹም ነጭ ይሆናል፤ ስሜቱ ግን ሙሉ ነው። በእኛ ቋንቋ ለምጽና ሥጋ ደዌ ሲደባለቁ ስለኖሩ ስንት ሰው በለምጹ ምክንያት ያለ ጥፋቱ ተገልሏል! ሥጋ ደዌ ቆዳውን ፈዘዝ ያደርገዋል እንጂ እንደ ወረቀት አያነጣውም።

ከጥጥ ከፍ ሲል ሞኖፊላመንት የሚባል የናይለን ክር አለ። እስኪጎብጥ ሲጫኑት የታወቀ ክብደት ያሳርፋል። ለእጅ 0.2 ግራም፣ ለእግር 2 ግራም የሚያሳርፉት በተለምዶ የጤነኛ ስሜት መለኪያ ተደርገው ይወሰዳሉ። በሽታውን ለመለየት ጥጥ ከበቃ ይበቃል። ሞኖፊላመንት የሚያስፈልገው የእጅና የእግር ነርቭ በየወሩ እየተሻለው ወይስ እየባሰው መሆኑን ለመከታተል ነው።

ከቆዳ የሚወሰድ ናሙና

ይህ የኔ ሥራ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ባወራ አትዘኑብኝ። ጉትቻ የሚንጠለጠልበትን የጆሮ ጫፍ በሁለት ጣት ጥብቅ አድርጋችሁ ትይዛላችሁ። ደሙ ሸሽቶ ቆዳው እስኪገረጣ ድረስ። ሳትለቁ በቀዶ ጥገና ምላጭ 5 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚጠልቅ ጭረት ታወጣላችሁ። ከዚያ ምላጩን ወደ ጎን ታዞሩና የጭረቱን ግድግዳ ሁለት ሦስቴ ትፍቃላችሁ። ምላጩ ላይ የሚቀረው ውሃማ ፍቅፋቂ ነው የምንፈልገው። ደም ከገባበት ይበላሻል። ጣታችሁን ላላ ካደረጋችሁት ደም ይገባል፤ ሥራው ያለው አያያዙ ላይ ነው። ፍቅፋቂው ስላይድ ላይ ይቀባል፣ በአየር ይደርቃል፣ ነበልባል ላይ አለፍ ተደርጎ እንዲጣበቅ ይደረጋል፣ በቀይ ቀለም ይነከራል፣ በአሲድ ይታጠባል፣ በሰማያዊ ይቀለማል። ባክቴሪያው ካለ በሰማያዊው ላይ ቀይ በትር ሆኖ ይታያል። ሲበዛ እንደታሰረ ጭራሮ ተጠጋግቶ ይተኛል።

ውጤቱ ከ0 እስከ 6 ይቆጠራል። በ100 የእይታ መስክ ውስጥ ከ1 እስከ 10 ባክቴሪያ ከተገኘ 1 ነው። በአንድ መስክ በአማካይ ከ1000 በላይ ከሆነ 6 ነው።

ጥንካሬው ግልጽ ነው። በትክክል ተሠርቶ ፖዘቲቭ ከወጣ ሥጋ ደዌ ነው ማለት ይቻላል። ድካሙም ያው ግልጽ ነው። በአንድ ግራም ቆዳ ውስጥ ወደ 10 ሺህ ባክቴሪያ ካልኖረ ማይክሮስኮፑ አያየውም። ከታማሚዎች ግማሽ ያህሉ ኔጌቲቭ ይወጣሉ። የመጀመሪያው ልጅ አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ውጤት ስልክ «ኔጌቲቭ» ብቻ ጽፌ አላውቅም። ከሥሩ «በናሙናው ላይ ባክቴሪያ አልታየም፤ ይህ ሥጋ ደዌ የለም ማለት አይደለም» ብዬ እጨምራለሁ። አንድ መስመር ቀለም ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠሩ ሁሉ ብትጨምሩት ደስ ይለኛል።

በሌላ በኩልም የሚያሳስት ነገር አለ። ሕክምናውን የጨረሰ ሰው ለዓመታት ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። የሞተ ባክቴሪያ ከቆዳ የሚጸዳው ቀስ ብሎ ነው፤ ቁጥሩ በዓመት በግምት አንድ ደረጃ ይወርዳል። 5 የነበረ ሰው በ12 ወሩ ሕክምና ማብቂያ ላይ 4 ቢሆን መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። እየወረደ የነበረው ተመልሶ ከወጣና አዲስ ምልክት ከታየ ነው ማገርሸት የሚጠረጠረው።

ባዮፕሲ

እዚህ ላይ ጥያቄው ይለወጣል። ባዮፕሲ፣ ማለትም ከቆዳው ትንሽ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ባክቴሪያውን ብቻ አይፈልግም፤ ሰውነቱ ምን ምላሽ እንደሰጠ ያሳያል። ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ናሙና ከምልክቱ ንቁ ጠርዝ፣ ከሥሩ ያለው ስብ እስኪገኝ ድረስ ይወሰዳል። ከላይ ከላይ የተገፈፈ ናሙና ነርቭ አይኖረውም፤ ነርቭ የሌለው ናሙና ደግሞ ለፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን ለሚያነበው ሐኪም) ብዙም አይጠቅመውም። ፓቶሎጂስቱ የሚፈልገው ነርቭን ከቦ የሚበላ ግራኑሎማ፣ ማለትም የተከማቹ የመከላከያ ሕዋሳት፣ ነው። ይህ ከተገኘ ባክቴሪያ ባይታይም ምርመራው ይጸናል። ግራኑሎማው ነርቭ ካልነካ ግን ሳርኮይዶሲስ፣ የቆዳ ቲቢ ወይም ሌይሽማኒያሲስም ሊሆን ይችላል።

ናሙናውን የምትልኩ ሰዎች ጥያቄ ወረቀቱ ላይ «ሥጋ ደዌ ተጠርጥሯል» ብላችሁ ጻፉ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ አሲድን የሚቋቋመው ከቲቢ ባክቴሪያ ባነሰ አቅም ነው። ለቲቢ የሚደረገው የተለመደ ማቅለሚያ ሊያጥበው ይችላል። ፋይት ፋራኮ የሚባል ለእሱ የሚስማማ ማቅለሚያ አለ፤ ካልተነገረው ላቦራቶሪው ላይሠራው ይችላል።

ታዲያ ለሁሉም ሰው ባዮፕሲ ይሠራ? አይመስለኝም። ምልክቱ በእርግጠኝነት ከደነዘዘ ባዮፕሲ የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው። ውጤቱ ሳምንታት ከፈጀ ደግሞ ነርቩ በመሐል ይጎዳል። የሚያስፈልገው ጥጡ አጠራጣሪ ሲሆን፣ ምልክቱ ፊት ላይ ሲሆን፣ ወይም ሌላ በሽታ በጣም ሲመሳሰል ነው።

ፒሲአር

ብዙ ሰው ፒሲአር ካለ ሌላው ሁሉ የማያስፈልግ ይመስለዋል። ፒሲአር የባክቴሪያውን ዘረመል ቁራጭ ፈልጎ ያበዛል። አርኤልኢፒ የሚባለው ቁራጭ በባክቴሪያው ዘረመል ውስጥ ከ30 ጊዜ በላይ ስለሚደጋገም እሱን የሚፈልጉ ምርመራዎች ይበልጥ ስለታም ናቸው። ማይክሮስኮፕ የማያየውን ያያሉ። ባክቴሪያ በበዛባቸው ሰዎች ላይ ውጤታቸው በጣም ጥሩ ነው። ችግሩ እነዚያ ሰዎች በማይክሮስኮፕም ይገኛሉ። ምልክታቸው ጥቂት የሆኑት ላይ፣ እርዳታውን በጣም በምንፈልግበት ቦታ ማለት ነው፣ ፒሲአርም ብዙዎቹን ይስታል።

ደግሞ ፒሲአር የሞተውን ከሕያው አይለይም። ከታማሚ ጋር የሚኖር ጤነኛ ሰው አፍንጫ ውስጥም ሊገኝ ይችላል፤ ያ ሰው ታሟል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ማይኮባክቴሪየም ሌፕሮማቶሲስ የተባለ ሥጋ ደዌ የሚያመጣ ሁለተኛ ዝርያ ተለይቷል። ለመጀመሪያው ዝርያ ብቻ የተሠራ ፒሲአር ይህን ሁለተኛውን ላያገኘው ይችላል።

እኔ ፒሲአርን ከልቤ የምወድለት ሌላ ሥራ አለው፤ የመድኃኒት መላመድን ማየት። ባክቴሪያው ሳህን ላይ ስለማያድግ መድኃኒት ይቋቋም እንደሆነ የሚታወቀው በአይጥ እግር ነበር፤ ያም ወራት ይፈጃል። አሁን ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ኦፍሎክሳሲን የተባሉትን መድኃኒቶች ወደ መላመድ የሚያደርሱትን የዘረመል ለውጦች በቀናት ውስጥ ማንበብ ይቻላል። በሽታው ያገረሸበት ሰው ናሙና ወደዚህ ቢላክ ገንዘቡ በከንቱ አልወጣም።

የደም ምርመራ፣ ሌፕሮሚን

ፒጂኤል 1 በሚባለው የባክቴሪያው ስብ ላይ ሰውነት የሚያመርተው አንቲቦዲ (የመከላከያ ፕሮቲን) አለ። ባክቴሪያ የበዛባቸው ሰዎች ደም ውስጥ በአብዛኛው ይገኛል፤ ጥቂት ምልክት ያላቸው ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ጤነኛ ቤተሰብ ላይም ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «የደም ምርመራ አድርጌ ነፃ ነኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቆዳውን እዩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2018 መመሪያ ምርመራው በአካል ምርመራ ላይ እንዲመሠረት፣ ከቆዳ የሚወሰደው ናሙና ወይም ባዮፕሲ ቢኖርም ባይኖርም እንደሚቻል ይገልጻል። ለደም ምርመራና ለፒሲአር በቂ ማስረጃ ስላላገኘ ለምርመራ አልመከራቸውም።

ሌፕሮሚን ደግሞ ከተገደሉ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያዎች የሚዘጋጅ፣ ቆዳ ውስጥ ተወግቶ ከ3 እስከ 4 ሳምንት በኋላ የሚነበብ ነው። በሽታው መኖር አለመኖሩን አይናገርም።

ቆዳው ንጹሕ ሆኖ ነርቭ ብቻ ሲታመም

ከባዱ ይህ ነው። ምልክት የለም፤ የሚነካ የለም፤ የሚፋቅ የለም። ሰውየው እግሩ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለዋል፣ ወይም ጫማው ከእግሩ ሲወልቅ አያውቀውም። እዚህ አልትራሳውንድ ጥሩ ረዳት ነው፤ ነርቩ የት ጋ እንደወፈረ ሳያሳምም ያሳያል። የነርቭ ፍጥነት መለኪያም ሰውየው ገና ያላወቀውን ጉዳት ቀድሞ ያገኛል። ሁለቱም ግን «ነርቩ ታሟል» ይላሉ እንጂ በምን እንደታመመ አይናገሩም። ቁርጡ የሚታወቀው በነርቭ ባዮፕሲ ነው። የሚወሰደውም ስሜት ብቻ ከሚሸከም ትንሽ ነርቭ ነው፤ ጡንቻ የሚያንቀሳቅስ ነርቭ አይነካም። ከዚያ በኋላ ትንሽ ቦታ ለዘለቄታው ሊደነዝዝ እንደሚችል ለሰውየው አስቀድሞ መንገር ግዴታ ነው። ይህ በሠለጠነ እጅ ብቻ የሚሠራ ነው።

እንግዲህ ምን ልምረጥ?

ከ1 እስከ 5 የሚሆን ምልክት ኖሮ አንዱ በግልጽ ከደነዘዘ፣ ጥጡ ፈርዷል። ሕክምና ይጀመር። የቆዳ ናሙና መውሰድ ከተቻለ ይወሰድ፤ ጥቅሙ ግን ክፍሉን ለመለየት ነው። ባክቴሪያ ከተገኘበት፣ ምልክቱ ከ5 ከበለጠ፣ ወይም ነርቭ ከተነካ መልቲባሲላሪ (ባክቴሪያ የበዛበት) ይባላል፤ ሕክምናው 12 ወር ነው። ካልሆነ ፓውሲባሲላሪ (ባክቴሪያ ያነሰበት) ነው፤ 6 ወር። መድኃኒቶቹ አንድ ናቸው፦ ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን።

ምልክቱ ብዙ፣ ፈዘዝ ያለ፣ ያልደነዘዘ ከሆነ፣ ወይም ፊትና ጆሮ ላይ እብጠት ካለ፣ ጥጡን አስቀምጡና ምላጩን አንሱ። ከሁለቱም ጆሮ ውሰዱ። እዚህ ጥሩ የቆዳ ናሙና ኔጌቲቭ ከወጣ ሌላ በሽታ ማሰብ ተገቢ ነው፤ ባዮፕሲም ይከተላል።

ምልክቱ አንድ ሆኖ ድንዛዜው አጠራጣሪ ከሆነ ባዮፕሲ። ባዮፕሲ በማይገኝበት ቦታ ደግሞ ሰውየውን በ3 ወር፣ በ6 ወር ቀጥሮ እንደገና በጥጥ ማየት ያዋጣል። ሥጋ ደዌ ቀስ ብሎ የሚሄድ በሽታ ነው፤ ነርቭ እስካልተነካ ድረስ ይህን ጊዜ ይሰጣል። ነገር ግን ሰውየው ለምን እንደተቀጠረ ይወቅ። እጁ ከደከመ፣ ዓይኑ አልከደን ካለ፣ ነርቩ ካመመው ቀጠሮውን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ይምጣ።

በአንድ ቤት ከታማሚ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች ፒሲአርም የደም ምርመራም አላዝም። ጥሩ ብርሃን ያለበት ክፍል፣ የሚዘጋ በር፣ ልብሳቸውን አውልቀው ጀርባቸውንና መቀመጫቸውን ጭምር ለማሳየት የሚያስችል መከባበር፣ ትንሽ ጥጥ። ምንም ካልተገኘባቸው፣ ቲቢ አለመኖሩም ከተረጋገጠና መድኃኒቱን የሚከለክል ሌላ ችግር ከሌለ፣ ዕድሜያቸው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ የሪፋምፒሲን መከላከያ ሊሰጣቸው ይችላል።